ሳይሰሙ መፍረድ

 

በዚህ ሳምንት በውስጥ መስመር ከደረሱኝ መልእክቶች አንዱ ከእስቴ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስሟንም ቀበሌዋንም አልጠቅስም። ጥያቄዋን ግን በፈቃዷ እነሆ፦

«ኡስታዝ፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ‹ፕሪጁዲስ› የሚል ቃል ተማርን። መምህራችን ‹ጭፍን ጥላቻ ማለት ነው› አሉን። እኔ ማንንም ስለማልጠላ ቃሉን ደብተሬ ላይ ጽፌ አለፍኩ። በዚያው ሳምንት አብራኝ የምታጠና ልጅ ቤታቸው ጠራችኝ። አባቷ ቀጥቃጭ ነው። እናቴ ‹እዚያ ቤት እንዳትበይ፣ ቡዳ ናቸው› ብላ ከለከለችኝ። ለጓደኛዬ አሞኛል ብዬ ዋሸኋት። የከበደኝ ውሸቱ ብቻ አይደለም። እናቴ ስትከለክለኝ በልቤ ‹ተረፍኩ› ብዬ ደስ አለኝ። ግን እኮ ልጅቷን እወዳታለሁ። ይህ ፕሪጁዲስ ይባላል ወይ? በዲናችንስ ምን ይባላል?»

እህቴ፣ አላህ ይጨምርልሽ። ብዙ ሰው ሌላው በእሱ ላይ ያሰበውን ክፉ ሐሳብ ይነግረኛል። አንቺ ግን የራስሽን ልብ ይዘሽ መጣሽ። የዛሬው ትምህርት ካንቺ ጥያቄ የተነሳ ነው።

ቃሉ ምን ይላል?

የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ ላቲን ነው። «ፕሬ» ማለት በፊት፣ «ዩዲኪዩም» ማለት ፍርድ ነው። ሁለቱ ሲገጠሙ «ቀድሞ የተሰጠ ፍርድ» ይሆናሉ። ከምን የቀደመ? ነገሩን ከመስማት፣ ማስረጃውን ከማየት፣ ሰውየውን ከማወቅ የቀደመ። አንዳንዶች በአማርኛ «ቅድመ ፍርድ» የሚሉት ለዚህ ነው። መምህርሽ አልተሳሳቱም፤ ቃሉ ለጭፍን ጥላቻም ይውላል። ወደ ሥሩ የሚቀርበው ግን ቅድመ ፍርድ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ አይምሰላችሁ። «ጭፍን ጥላቻ» ሲባል እያንዳንዳችን «እኔ ማንንም አልጠላም» ብለን ራሳችንን ነፃ እናወጣለን። «ሳይሰሙ መፍረድ» ሲባል ግን ከመካከላችን ነፃ የሚወጣው ጥቂት ነው። ሰውን እየወደዱም ቀድሞ መፍረድ ይቻላል። የእህታችን ልብ ያጋጠመው ይኸው ነው።

የቃሉን አጠቃቀም ለፈተናም ለሕይወትም እንዲሆናችሁ በሦስት እንክፈለው።

አንደኛ፣ በሰው ላይ የሚውል አለ። ይህ የታወቀው ነው፤ ሳናውቀው በክፉ የምንፈርድበት።

ሁለተኛ፣ ለሰው የሚውል አለ። ወገናችን ስለሆነ ብቻ «እሱ አያደርገውም» ማለትም ቅድመ ፍርድ ነው። ይህኛው መልካም ስለሚመስል ቶሎ አይነቃበትም።

ሦስተኛ፣ በሕግ ቋንቋ ቃሉ «ጉዳት» የሚል ትርጉም አለው። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አማርኛው «እንደተጠበቀ ሆኖ» በሚልበት ቦታ የእንግሊዝኛው አንቀጽ ብዙ ጊዜ «ዊዝአውት ፕሪጁዲስ» ይላል፤ የሌላው መብት ወይም ድንጋጌ ሳይጎዳ ማለት ነው። አስተውሉ፤ ቀድሞ መፍረድና መጉዳት በአንድ ቃል ተሰየሙ። ልብ ውስጥ የተቀመጠ ፍርድ ባለቤቱ ቢተኛም ይሠራል።

የቃሉንም ጎረቤቶች እንለያቸው። ‹ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው› የሚለው አባባል ‹ስቴሪዮታይፕ› ይባላል፤ ለሁሉም የተሰፋ አንድ ልብስ ነው። ‹ተረፍኩ› ያለው ልብ ‹ፕሪጁዲስ› ነው። ቤታቸው አልበላም ብሎ መቅረት ‹ዲስክሪሚኔሽን›፣ በእኛ ቋንቋ አድልዎና ማግለል ነው። አንደኛው አፍ ላይ፣ ሁለተኛው ልብ ውስጥ፣ ሦስተኛው እጅ ላይ ነው። እህቴ፣ ሦስቱም በአንድ የምሳ ግብዣ ላይ ተገናኙብሽ።

በዲናችን ምን ይባላል?

በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናንን ከብዙ ጥርጣሬ እንዲርቁ ያዛቸዋል፤ ከጥርጣሬ ከፊሉ ኃጢአት ነውና። ቁርአን «ዘን» የሚለው ይህን ነው። አንቀጹ እዚያ ላይ አያበቃም። ቀጥሎ ነውር መሰለልን፣ ከዚያ ሐሜትን ይከለክላል። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ሰው መጀመሪያ ይጠረጥራል፣ ከዚያ ጥርጣሬውን የሚደግፍለት ነገር ይፈልጋል፣ ከዚያ ያወራል። ሐሜቱን ለመዝጋት በሩ ልብ ላይ ነው።

ዓሊይ (ረ.ዐ.) ወደ የመን ዳኛ ሆነው ሲላኩ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጧቸው ምክር አለ። ሁለት ተከራካሪዎች ፊትህ ሲቀመጡ የመጀመሪያውን እንደሰማህ ሁለተኛውን ሳትሰማ አትፍረድ የሚል ነው። አያቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር «ተጠየቅ» እየተባባሉ ሲሟገቱም ከሳሹ ብቻውን ተናግሮ አይፈረድለትም ነበር።

በሱረቱ ሷድ ደግሞ የዳውድ (ዐ.ሰ.) ታሪክ አለ። ሁለት ባለጉዳዮች ድንገት ይገቡባቸዋል። አንዱ ወንድሙ 99 በጎች እያሉት የእሱን አንዲት በግ እንደጠየቀው ይከስሳል። ዳውድ በደል መሆኑን ይናገራሉ፤ ወዲያው ግን መፈተናቸውን ተረድተው በሱጁድ ይወድቃሉ። ከሙፈሲሮች ከፊሎቹ ፈተናው የሁለተኛውን ቃል ሳይሰሙ መፍረዳቸው ነበር ብለዋል። ክሱ እውነት የሚመስል፣ ከሳሹ የሚያሳዝን ነበር። ታዲያ ለአዛኝ ልብ ፈተናው እዚያ ላይ ነው። የዳውድን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሲፈረድብን

ሳይሰሙ መፍረድ ምን እንደሚያመጣ ለእስቴ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. በመካነ ኢየሱስ ከተማ ስለ አንድ የሙስሊም ሰርግ ወሬ ተናፈሰ። ወሬው ሳይጣራ መስጂዶች ተቃጠሉ። ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከአባይ ማዶ በሞጣ ስለ አንድ ቤተ ክርስቲያን እሳት ወሬ ተነዛና የዚያች ከተማ መስጂዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ነደዱ። ባለሱቁን ማንም «አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ አልጠየቀውም። ፍርዱ ከጥያቄው በፊት ወጥቶ ነበር።

የቆየውንም እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። በደጋው አገር ሙስሊም በአብዛኛው ርስት አይይዝም ነበር። ርስት የሌለው ሰው ምን ይብላ? ሸማ ሠራ፣ ነገደ። ቆየና «እስላም እርሻ አይወድም፣ ሥራው ሽመናና ንግድ ነው» ተባለ። ቀጥሎ ሸማኔነቱ ራሱ መሰደቢያ ሆነ። አያችሁ? መጀመሪያ በሩ ተዘጋ፣ ከዚያ በውጭ መቆሙ እንደ ጠባዩ ተቆጠረ። ቅድመ ፍርድ ማስረጃውን ራሱ ይወልዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣና መሬት ሲታደል ሙስሊሙም እርፍ ጨበጠ፣ አረሰ። ጠባይ የተባለው ጠባይ አልነበረም።

ቃልም ይህን ሥራ ይሠራል። በንጉሡ ዘመን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» እንባል ነበር፤ ቤቱ የእኛ እንዳልሆነ፣ እንደ ተከራይ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ወጥተው የእኩልነት ጥያቄ አቀረቡ። ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ወጡ። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። ከ2011 በኋላ ከወጣቶቻችን አንዳንዱ «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» ማለት ጀምሯል። «እነሱ» ማን ናቸው? ክብሪቱን የያዘው፣ ወይስ የሞጣውን ድርጊት በአደባባይ ያወገዘው፣ ወይስ በ1966 ከአባቶቻችን ጎን የተሰለፈው? የሱረቱል ማኢዳህ 8ኛ አንቀጽ ለሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያስጠነቅቀናል። ትእዛዙ የመጣው ለተበደለ ሰው ነው። ያልተበደለማ ምን ሊፈተን!

አሁን ተራው የእኛ ነው

እንግዲህ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና ቁናውን ወደ ራሳችን እናዙረው።

ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ፣ ከአርብ ገበያ እስከ መካነ ኢየሱስ ገበያ ውጡ። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ የማን እጅ ሥራ ነው? እናቶቻችን የሚጋግሩበት ምጣድ፣ ቡና የሚያፈሉበት ጀበና ከማን እጅ ወጣ? ያለ ቀጥቃጭና ያለ ሸክላ ሠሪ አንድ ጉርሻ ወደ አፋችን አይደርስም። እኛ ግን ሥራውን ወስደን ሠሪውን «ቡዳ» ብለን ከማዕዳችን ርቀነዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። በሸማኔነታችን የተሰደብን እኛ፣ በእጁ ሥራ የሚኖረውን ሌላውን እንሰድባለን።

«ኡስታዝ፣ ዓይን እውነት ነው ተብሎ የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዓይን እውነት መሆኑን ነግረውናል። ግን ዓይን የማን ነው? ሐዲሡን እንየው። ሰህል ኢብኑ ሑነይፍ (ረ.ዐ.) ሲታጠቡ ዓሚር ኢብኑ ረቢዓ (ረ.ዐ.) አዩአቸውና በቆዳቸው ውበት ተደንቀው ተናገሩ። ሰህል እዚያው ታመው ወደቁ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዓሚርን ገሠጿቸው፤ ወንድምህን ስታይ ለምን በበረካ ዱዓ አላደረግክለትም የሚል ነበር ተግሣጹ። ከዚያ ዓሚር ታጥበው ውኃው በሰህል ላይ ፈሰሰ፤ ሰህልም ዳኑ።

ዓሚር ማን ናቸው? ቀደም ብለው ከሰለሙት ሶሓባዎች አንዱ፣ ወደ እኛው ሐበሻ የተሰደዱ፣ በበድር የተዋጉ ናቸው። ቀጥቃጭ ስለሆኑ አልነበረም፣ ዘራቸውም አልተጠየቀም። ከዚህ የምንማረው ዓይን የአንድ ጎሳ ወይም የአንድ ሙያ ርስት አለመሆኑን ነው። ከደጉም ሰው ሊወጣ ይችላል። ከእኔም፣ ከአንቺም፣ ከእናትሽም። መድኃኒቱም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩት ነው፤ መልካም ነገር ስናይ በበረካ ዱዓ ማድረግ፣ የጠዋትና የማታ ዚክር፣ ሱረቱል ፈለቅና ሱረቱ ናስ። ከመድኃኒቱ ውስጥ «እገሌ ቤት አትብሉ» የሚል የለም።

አሁን ወደ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ልመለስ። ሱረቱ ሰበእ አላህ ብረትን እንዳገራላቸውና ጥሩር እንዲሠሩ እንዳዘዛቸው ይነግረናል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ከገዛ እጁ ሥራ ከሚበላው የተሻለ ምግብ እንደሌለ፣ ዳውድም ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ተናግረዋል። ብረት ሠራተኛ የነበሩ ነብይ! «በቀጥቃጭ ቤት አልበላም» የሚል ሙስሊም ማዕዱን የሚሸሸው ከማን ሙያ እንደሆነ ያስብ።

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ጋይንት ውስጥ ልጅ ሳለሁ ወደ ቁርአን ቤት በምንሄድበት መንገድ ዳር ቀጥቃጭ ነበር። የወናፉ ድምፅ ሲሰማን አፋችንን በእጃችን ከድነን እንሮጥ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ማረሻ ሊያሾል ላከኝ። እየፈራሁ ቆሜ ከንፈሬን በማንቀሳቀስ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» አልኩ። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና በእርጋታ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ የምትለው ከእኔ ሊጠብቅህ ነው። እኔ ግን ሥራዬን የምጀምረው በሱ ነው።» ማረሻውን አሹሎ ሰጠኝ። ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ኪታብ ቀራሁ፣ ዩኒቨርሲቲም ገብቼ ወጣሁ። ሰውየው ቤት ተመልሼ «ይቅር በለኝ» ለማለት ግን ጊዜ አላገኘሁም። ጊዜ ባገኘሁ ጊዜ እሱ አኼራ ሄዶ ነበር። አላህ ይዘንለት፣ ለእኔም ይማረኝ። እናንተ እንደ እኔ አትዘግዩ።

ለወገን ቀድሞ መፍረድ

ሁለተኛውን ዓይነት አልረሳሁትም። ሙፈሲሮች ስለ ሱረቱ ኒሳእ ከ105ኛው አንቀጽ ጀምሮ ስላሉት አንቀጾች ከሚያወሷቸው ዘገባዎች አንዱ ይህ ነው። መዲና ውስጥ ከሙስሊሞች መካከል የተቆጠረ አንድ ሰው ጥሩር ሰረቀ። ጥሩሩ በአንድ አይሁዳዊ ቤት ተገኘ። የሌባው ዘመዶች «የእኛ ሰው ንጹሕ ነው» ብለው ተሟገቱለት። ነገሩ በአይሁዳዊው ላይ ሊያዘነብል ሲል አንቀጾቹ ወረዱና ለከዳተኞች ተከራካሪ መሆንን ከለከሉ፤ አይሁዳዊውም ነፃ ወጣ። እስከ ቂያማ የሚነበብ ቁርአን የሌላ እምነት ተከታይ የሆነን ሰው ሐቅ ለመጠበቅ ወረደ። «የእኛ ልጅ አያደርገውም» ከማለታችን በፊት ይህን እናስታውስ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የዚህች አገር ልጅ አንድ ነገር አይርሳ። እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ሐበሻ ሲገቡ ቁረይሾች ሁለት መልእክተኞች ላኩ። መልእክተኞቹ መጀመሪያ ለጳጳሳቱ አንድ በአንድ ስጦታ ሰጡ። ዓላማቸው ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያናግር እንዲያስረክባቸው ነበር። ጳጳሳቱም «አስረክባቸው» አሉ። ነጃሺ ግን ተቆጡ። አገሬን መጠጊያ ያደረጉትን ሰዎች ጠርቼ ሳልጠይቅ አላስረክብም አሉ። ጠሩ፣ ጃዕፈርን (ረ.ዐ.) ሰሙ፣ ከዚያ ፈረዱ። ነጃሺ ያን ቀን ገና የክርስቲያን ንጉሥ ነበሩ፤ የቀረቡላቸውም የማያውቋቸው ሰዎች ናቸው። እስልምና በዚህ ምድር ጥላ ያገኘው አንድ ሰው ከመፍረዱ በፊት ስለጠየቀ ነው።

የሳምንቱ ሥራ

እስከሚቀጥለው ጁሙዓ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ዋሉ። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ወገን ክፉ ነገር ስትሰሙ፣ ወይም ልባችሁ ራሱ ሲናገር፦

1. ይህን ማን ነገረኝ? ያየ ነው ወይስ የሰማ?
2. ሰውየው ራሱ ምን ይላል? ጠይቄዋለሁ?
3. ይህ ፍርድ በእኔና በቤተሰቤ ላይ ቢሰጥ እቀበለዋለሁ?

ሦስቱን ሳትመልሱ ሼር የሚለውን አትንኩ። የሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ዜናን አጣሩ የሚለው ባለማወቅ ሕዝብ ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። የእስቴና የሞጣ እሳት በወሬ ተለኩሷል። የእኛ ስልክ ሌላ ክብሪት አይሁን።

እህቴ፣ ላንቺ ደግሞ መልሴ ይህ ነው። አዎ፣ የተሰማሽ ፕሪጁዲስ ይባላል፤ በዲናችን ደግሞ መጥፎ ዘን ነው። ሳታስቢው ልብሽ ላይ ብልጭ ባለው አትጠየቂም። ይዘሽው ከተቀመጥሽና ከሠራሽበት ግን ያስጠይቃል። ከእናትሽ ጋር አትጣዪ። እሷም ከእናቷ የሰማችውን ነው የነገረችሽ፤ የሰህልንና የዓሚርን ሐዲሥ በለሰለሰ ቃል አጫውቻት። መጀመሪያ ጓደኛሽን እናንተ ቤት ጥሪያት፤ እናትሽ ልጅቷን ትያት፣ ታናግራት፣ ቡና ትቅዳላት። ያላወቀችውን ሰው ስታውቅ ፍርዷ ራሱ ይላላል። ቀጥሎ ተያይዛችሁ ሂዱ። ማዕዱ ሲቀርብ ቢስሚላህ በይ። እነሱን ፈርተሽ ግን አትበይው፤ ምግብ ስለሚጀመርበት በይው። አሞኛል ብለሽ ስለዋሸሻትም ይቅርታ ጠይቂያት።

ያ አላህ፣ ሳንሰማ ከመፍረድ፣ ሳይሰሙ ከሚፈርዱብንም ጠብቀን። ለተበደልነው ፍትሕን፣ ለበደልነው ይቅርታ መጠየቂያ ዕድሜ ስጠን። በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴና በመላው አገራችን ጎረቤት ለጎረቤቱ ሰላም ይሁን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ።